ሙሉ ታሪፍ ለአንድ ሰው

የማሞቂያ ታሪፍ መምረጫ ሳምንት በየዓመቱ በጥቅምት ሁለተኛው ሰኞ ይጀምራል። በ2071 ዓ.ም. ለእኔ የጀመረው ግን ማክሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት ግድግዳው «አሁን ይመርጣሉ?» ሲለኝ «ግድ የለም፣ ሌሎቹ ይቅደሙ» ብዬው ነበር። እሱም እሺ ብሎ ዝም አለ።

አቤኔዘር እባላለሁ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚሁ በደብረ ብርሃን በሆቴል አስተናጋጅነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ብቻዬን እኖራለሁ።

ከሰልና እንጨት ከተከለከሉ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አሁን ቤታችንን የሚያሞቀው ግድግዳው ነው፤ የሚጠይቀንም የሚመዘግበንም እሱ ነው። ከከተማው በስተምሥራቅ በረድፍ የቆሙት የኮምፒውተር ማሽን አዳራሾች ደግሞ እዚህ የመጡት ብርዳችንን ወደውት ነው። እኛ የምንንቀጠቀጥበት ውርጭ ለእነሱ መድኃኒት ነው ይባላል። መብራቱን መጀመሪያ እነሱ ይወስዳሉ፤ የተረፈው ለየቤቱ በታሪፍ ይደለደላል። በዚህ ቅር ይለው የነበረ ሰው ሁሉ ወደ ቆላ ወርዷል። እኛ የቀረነው ቅር የማይለን ነን፣ ወይም ቅር ማለታችንን የማንናገር።

ቁጥብ የሚባለው ታሪፍ አንድ ክፍል ብቻ፣ በቀን ለአራት ሰዓት ያሞቃል። እኔ ሦስት ዓመት የኖርኩት በእሱ ነው። ሙሉ የሚባለው ቤቱን በሞላ ሃያ ሁለት ዲግሪ ላይ አድርጎ ቀንም ሌሊትም ይይዘዋል። ዘንድሮ የፈለግኩት ሙሉውን ነው። ምክንያቱም ልጄ ሕሊና ነፍሰ ጡር ናት።

ሕሊና አዳማ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇን ታኅሣሥ ላይ ትወልዳለች። ባሏ መርከበኛ ነው፤ እስከ መጋቢት አይመለስም። እናቷ ፌቨን ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። በአሁኑ ደንብ አራስ ቤተሰቧ ዘንድ ልትታረስ የምትችለው ቤቱ ሙሉ ታሪፍ ካለው ብቻ ነው። ያለዚያ የአራስ ማዕከል ትገባለች። ማዕከሉ ንጹሕ ነው፤ ሐኪም አለ፣ ምግብ አለ። ጠያቂ ግን አይገባበትም፤ የገባችም እስከ መጋቢት አትወጣም። እናትና ልጅን ማየት የሚቻለው በስክሪን ነው፣ በሳምንት አንዴ፣ ለሩብ ሰዓት።

አዳማ ሞቃት አገር አይደለም ወይ፣ ምን ብርድ ያስመርጣታል የሚል ሰው ይኖራል።  የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ወደ ወላጅ ቤት ነው የሚኬደው፤ የቀረሁላት ወላጅ ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን በስልክ ስነግራት «እስቲ መጀመሪያ ታሪፉ ይፈቀድልህ አባዬ፣ ከዚያ እናያለን» አለችኝ። እኔ መዘጋጀት ጀመርኩ። ፌቨን ቀን ቀን ትቀመጥበት የነበረውን ክፍል አጽድቼ የሕፃን አልጋ አስገባሁበት። ገንፎ ማገንፋትም ተማርኩ። ዕድሜ ልኬን ምግብ አቀረብኩ እንጂ ምግብ ሠርቼ አላውቅም፤ ሦስት ቀን ጓጎለብኝ፣ በአራተኛው ቀን ግን ማማሰያው እንደምንም ታዘዘኝ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ በላሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ኮቴን ለብሼ ግድግዳው ፊት ቆምኩ።

«ለአቶ አቤኔዘር የተፈቀደው ቁጥብ ታሪፍ ነው። ይመርጡታል?» አለ።

«ሌሎቹስ?»

«ሌላ አልተፈቀደልዎትም።»

«ለምን?»

«ካለፈው ጥቅምት ወዲህ በሦስት መቶ አርባ ሰባት ምሽቶች “ሙቀት ልጨምር?” ተብለው ተጠይቀዋል። በሁሉም “አይ፣ ይበቃኛል” ብለዋል። በቀሩት አሥራ ስምንት ምሽቶች መልስ አልሰጡም። ተጨማሪ ሙቀት እንደማያስፈልግዎት ተመዝግቧል።»

ምን ብዬ ላስረዳው? አዎ፣ ይበቃኛል ብያለሁ። ሰው ሲጠይቅህ መጀመሪያ ሌላ ምን ይባላል? ሆቴል ሳለሁ እንግዳ «በቃኝ» ባለ ቁጥር ሳህን እያነሳ የሚሄድ አስተናጋጅ ሳምንት አይቆይም ነበር። «በቃኝ» ሲልህ ዓይኑን ታያለህ። «ኧረ ትንሽ፣ በሞቴ» ትለዋለህ። ይግደረደራል፣ ትለምነዋለህ፣ በመጨረሻ ሳህኑን ወደ አንተ ጠጋ ያደርጋል። እኔ ግድግዳውን በየምሽቱ የጠበቅኩት ዳግመኛ እስኪጠይቀኝ ነው። ባና ደርቤ፣ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ሶፋው ላይ ጠበቅኩት። አንድም ቀን አልደገመም። ለምን በሚቀጥለው ቀን «አዎ» አላልክም ትሉኝ ይሆናል። በሚቀጥለው ቀንም ያው መጀመሪያው ነዋ።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ብዙውን ቀን የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነበር። ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል «ሙቀት ልጨምር?» ይላል፤ እኔም ለሰው እንደምመልሰው ጨዋ ሆኜ እመልሳለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ያ ደስታዬ ነው ተቆጥሮ የተመዘገበብኝ።

ቅሬታ አቀረብኩ። በደንቡ መሠረት የሚያውቀኝ አንድ ጎረቤት ስለ እኔ መጠየቅ አለበት። ያለችኝ ጎረቤት እትዬ ዮርዳኖስ ናት፤ ከአጥሬ ወዲያ የምትኖር፣ ሰባ አምስት ዓመት የሞላት፣ ድምፅዋ ከእኔ ድምፅ የሚበልጥ ሴት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ።

«ግባ ግባ! ምነው ጠፋህ? በል ና ቁጭ በል፣ ሽሮ አለ።»

«በልቼ ነው የመጣሁት እትዬ።»

«በልቼ ነው ይላል ደግሞ! በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ።»

በላሁ። ጥሩ ሽሮ ነበር። ከበላሁ በኋላ «ነገ ግድግዳሽ ስለ እኔ ይጠይቅሻል» አልኳት።

«ስለ አንተ? ምን ሆነህ? ምን ብዬ ልመልስለት?»

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። «ይበርደዋል በይ፤ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል በይ» ማለት ብቻ ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እንደ ታላቅ ወንድም የምታከብረኝ ሴት ናት፣ በዕድሜ ብትበልጠኝም። አፌ እምቢ አለኝ።

«ያው የምታውቂውን ነው» አልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት ጓሮ ሆኜ ሰማኋት፤ አጥራችን ቆርቆሮ ስለሆነ ምንም አያስቀርም። «አቤኔዘርን ነው? እሱማ ወንድ ነው!» ትላለች። «ይሄ ሰው በርዶት አያውቅም። ሚስቱ ሞታ እንኳ አንድ ቀን አንገቱን ሲደፋ አላየሁትም። በውርጭ በሸሚዝ ወጥቶ ደጁን የሚጠርግ ሰው ነው። እንደ እሱ ያለ ብርቱ በዚህ ሰፈር የለም።» ቀጥላም ስለ ፌቨን ለቅሶ፣ ስለ ትዕግሥቴ፣ ስለ አስተናጋጅነት ዘመኔ አወራችለት። ግድግዳው በትዕግሥት ሰማት።

ከዚያ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ ሁሉ ፈክቷል። «አኮራሁህ!» አለችኝ።

«ተባረኪ እትዬ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ውሳኔው ከሰዓት በኋላ መጣ። «ምስክሯ አመልካቹ ብርድ እንደማይሰማው አረጋግጣለች። ቁጥብ ታሪፍ ጸንቷል።» ከሥሩ ግን አንድ መስመር ነበረ። ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ የሆኑ አመልካቾች የሦስት ቀን የቀጥታ መልስ ሥልጠና ከወሰዱ አንድ ጊዜ ብቻ በድጋሚ ይጠየቃሉ።

ሥልጠናው ጥቅምት መጨረሻ ላይ በቀበሌው አዳራሽ ነው የተሰጠው። ሃያ ሦስት ሰው ነበርን። ሁላችንም ኮትና ጋቢ ለብሰን፣ ሁላችንም የኋላ ወንበር ላይ ለመቀመጥ እየተገፋፋን ገባን። ፊት ለፊት መቀመጥ ማንም አልደፈረም። አሠልጣኟ ሳምራዊት ትባላለች፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረጋ ያለች፣ ትሑት ሴት። ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ብቻ ተጽፏል፤ «ቃል አንድ ጊዜ ነው»።

«ይበርድዎታል?» አለች የመጀመሪያውን ሰውዬ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

«እሱ መልስ አይደለም አባቴ። አዎ ወይም አይ ይበሉ። ይበርድዎታል?»

«ከሰው በምን እለያለሁ ልጄ?»

«አዎ ወይም አይ።»

ሰውዬው ዙሪያቸውን አዩ። «ያው… ትንሽ» አሉ። ሳምራዊት ትንሽ የሚባል ቃል ግድግዳው አይመዘግብም አለች። ሳቅን። አንዲት እናት ተነሥተው «አዎ ማለት እኮ እንደ ልመና ነው የሚሆንብን» አሉ። ሳምራዊት «አውቃለሁ እማማ» አለች። «እናቴም እንደዚያ ትል ነበር። እናቴ ብርድ ነው የገደላት።» ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። እስከ ቀትር ድረስ ሃያ ሦስት ሽማግሌና አሮጊት አንድ ላይ «አዎ፣ ይበርደኛል» ስንል ዋልን። ከውጭ የሰማን ሰው ጸሎት ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

ሁለተኛው ቀን ደግሞ የሌላውን መልስ መቀበል ነበር። ሳምራዊት እንዳለችው፣ እኛ የሰው ቃል ስለማናምን ነው የእኛም ቃል የማይታመነው። ከኪሩቤል ጋር ተጣመርኩ። ኪሩቤል የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። አንድ ብርጭቆ ሻይና አንድ ቁራጭ ዳቦ በትሪ ይዤ ቀረብኩ። ትሪ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ! ወገቤ ራሱ ቀና አለ።

«ሻይ ይፈልጋሉ?» አልኩት።

«አይ፣ ጠጥቻለሁ።»

አልጠጣም ነበር። ጠዋት አብረን ነው የገባነው። «ኧረ በ—» ብዬ ጀመርኩና ሳምራዊት ጣቷን አነሣች። ትሪውን አዙሬ ወደ ጠረጴዛው መለስኩት። የኪሩቤል ዓይን ብርጭቆውን እስከ ጠረጴዛው ድረስ ተከተለው።

«በጣም ጎበዝ ጋሽ አቤኔዘር» አለች። «ጋሽ ኪሩቤል፣ እርስዎስ ነገ ሲጠየቁ ምን ይላሉ?»

«ነገማ አዎ ነው የምለው» አለ ኪሩቤል። በማግሥቱ በእርግጥም አዎ አለ፣ ሁለት ብርጭቆም ጠጣ። ሥልጠናው ይሠራል። ከሃያ ሦስቱ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። የምስክር ወረቀቱን ለእትዬ ዮርዳኖስ ሳሳያት እልል አለችልኝ፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም።

ኅዳር ስድስት ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግድግዳው ጠየቀኝ።

«ይበርድዎታል?»

«አዎ።»

«የት?»

«እጄን። ጉልበቴን። ወገቤን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ለዚህ ጥያቄ አልሠለጠንኩም። «ሦስት ዓመት ሆኖታል» አልኩ፤ አንዴ የተከፈተው አፌም አልዘጋ አለኝ። አልጋው በአንድ በኩል እንደማይሞቅ ነገርኩት። ፌቨን ጀርባዋን ወደ እኔ አድርጋ ትተኛ እንደነበር ነገርኩት። ጠዋት ስነቃ ለማን ደህና አደርክ እንደምል እንደማላውቅ፣ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ድምፅ ሌላ ድምፅ ብሰማ ብዬ ስልክ ሳይደወል እንደማነሣ፣ ልጄን እንደምፈልጋት ነገርኩት።  አልቅሼ ጨረስኩ። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም ያላልኩትን ለግድግዳ አልኩ።

ግድግዳውም «ሙሉ ታሪፍ ለአንድ ሰው ተፈቅዷል። ከዛሬ ቀትር ጀምሮ ይሠራል» አለ።

ቀትር ላይ ቤቱ መሞቅ ጀመረ። መጀመሪያ ወለሉ፣ ቀጥሎ የፌቨን ክፍል። መስኮቱ ላይ የነበረው ጤዛ ደረቀ። ባናውን አጥፌ አስቀመጥኩና ስልኩን አነሣሁ።

«ሕሊናዬ! ተፈቀደልኝ። ሙሉ!»

«ውይ አባዬ! እውነትህን ነው?»

«ሃያ ሁለት ዲግሪ። በሸሚዝ ነው ያለሁት።» ሳቀች። ሳቋ የእናቷ ነው። «እንግዲህ፣ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«አይ አባዬ» አለች፣ ለስለስ አድርጋ። «አንተን ብቻህን ለምን ላስቸግርህ? ለታሪፉም እንደዚያ ተንከራተትክ። ማዕከሉም ጥሩ ነው ይላሉ። እኔ እዚሁ እሆናለሁ፣ አታስብ።»

 «ኧረ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቃል አንድ ጊዜ ነው። ሕሊና ከግድግዳ ጋር እያወራች ያደገች የዘመኑ ልጅ ናት፤ አይ ካለች አይ ነው፤ እሷን መጨቅጨቅ የሽማግሌ ልማድ ነው ብዬ አሰብኩ። ልጅ እንደ ትልቅ ሰው መከበር አለባት ብዬም አሰብኩ።

«እሺ የኔ ልጅ፣ እንዳልሽ ይሁን» አልኳት።

«እሺ» አለች፣ ቆየት ብላ። «እሺ አባዬ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አዘንኩ፤ ግን ትንሽ ኮራሁም፣ አልዋሽም። የተማርኩትን በተግባር ላይ ያዋልኩ መስሎኝ ነበር።

ሙሉ ታሪፍ ያለው ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ግድግዳው ከእንግዲህ አይጠይቅም። ሁሉም ተሰጥቷልና የሚጠየቅ ነገር አይቀርም። የመጀመሪያው ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ጆሮዬን ጣልኩ፤ ምንም የለም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም። ኅዳር እንደዚሁ አለቀ። እኩለ ቀን ላይ በሞቀ ቤት ውስጥ በሸሚዝ ተቀምጬ፣ የሕፃን አልጋ አጠገብ፣ ገንፎ እበላ ነበር። የተረፈኝን ለእትዬ ዮርዳኖስ እወስድላታለሁ፤ በቤቷ ጥቂት እቆያለሁ። የእሷ ቤት ይበርዳል፤ ግን ከእኔ ቤት ይሻል ነበር። «እኔ ቤት እንቀመጥ» ብላት «አይ፣ ደህና ነኝ» አለችኝ። ደግሜ አልጠየቅኳትም።

ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቀን ሕሊና ሴት ልጅ ወለደች። በአምስተኛው ቀን የስክሪን ተራዬ ደረሰ። ክፍሉ ነጭ ነው። ሕሊና ነጭ አልጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከስታለች። ሕፃኗን ወደ ስክሪኑ አስጠጋችልኝ። አፍንጫዋ የእኔ ነው፣ ምስኪን።

«በደንብ ትበያለሽ?» አልኳት።

ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ያን ጊዜውኑ «ምግብ ልጨምር?» አለ። ሕሊና ሳትዞር «አይ፣ ይበቃኛል» አለችው። ዝም አለ። ሳህኑ ባዶ እንደነበር አየሁ።

«ርቦሽ አይደለም እንዴ?»

«እዚህ አንዴ ነው የሚጠይቁት» አለች። ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ፊቷን ወደ ሕፃኗ አደረገች።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«አንተም አንዴ ነው የጠየቅከኝ አባዬ።»

አልገባኝም። ገባኝ። 

«ደግመህ ትደውላለህ ብዬ ሻንጣዬን በር ላይ አድርጌ ሦስት ቀን ጠበቅኩ» አለች። «የአውቶቡሱን ሰዓት ጠይቄ ነበር። በአራተኛው ቀን ልብሶቼን መልሼ አወጣኋቸው። አስቸግሬው ይሆናል ብዬ ነው እንጂ… አንተ እኮ ሰውን ስትለምን ነው የኖርከው። እኔን ሲሆን ጊዜ እንዴት አንዴ ብቻ?»

ሠልጥኜ ነው፣ አንደኛ ወጥቼ ነው ልላት ነበር። ምን ይሆንላታል?

ስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ ደቂቃ ቀርቷል የሚል ጽሑፍ መጣ። ማዕከሉ እስከ መጋቢት በሩን እንደማይከፍትላት እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

«ነይ» አልኳት። «ቤቱ ሞቋል። ነይ።»

«አይ አባዬ፣ አሁንማ እንዴት ተደርጎ» አለች።

«ኧረ ነይ፣ በሞቴ።»

«ለምን ላስቸግርህ…»

«በሞቴ ልጄ። በእናትሽ አፅም። ነይ።»

ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ በመዳፏ ጉንጯን ጠረገች።

«እሺ» አለችኝ። «እሺ አባዬ፣ እመጣለሁ።»